የተጣራ መርዶ

ሥልጣኔ በብዙ ነገር ይለካል። አንዱ በድልድይ ይለካዋል፤ አንዱ በሆስፒታል፤ ሌላው ደግሞ መብራት ሳይጠፋባቸው በሚያድሩ ሰፈሮች። ይህ ሁሉ ግን የልጅ መለኪያ ነው። እውነተኛው የሥልጣኔ መለኪያ ኮሚቴ ነው። በዚህ ሚዛን ከሆነ፣ ካርቱም ገና ድልድዮቿ በሙሉ ሰው ያሳልፉ በነበረበት በዚያ ሰሞን፣ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ይሰበሰብ የነበረው የሐበሾች መረዳጃ ማኅበር የደረሰበት የከፍታ ደረጃ ላይ የደረሰ ሌላ ማኅበር የለም። ማኅበሩ መርዶ የሚያጣራ ኮሚቴ ነበረው። የኮሚቴውም ሊቀመንበር አቶ ባዬ ነበሩ።

በሰው አገር የሚኖር ሰው ዘመድ ሲሞትበት በስልክ አይነገረውም። ወሬው ከባለቤቱ በፊት ለጎረቤቱ ይደርሳል፤ ጎረቤቱ ለማኅበሩ ይነግራል፤ ማኅበሩ ይመክርና አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች በሩ ላይ ይቆማሉ። በሩን የከፈተው ሰው ማንም ሳይናገረው ይገባዋል። የካርቱም ሐበሻም ይህን ሥርዓት ያለ አንዳች ኮሚቴ፣ እንዲሁ በደመ ነፍስ፣ ለብዙ ዘመን ሲፈጽም ኖረ። በመጨረሻ በበቀለች ላይ ተሳሳተ።

በቀለች ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ በአንድ ትልቅ ቪላ የምትሠራ ሴት ናት። አንድ ማለዳ ግማሽ ማኅበር በሁለት ረክሻ፣ በእኛ አገር ባጃጅ በሚባለው፣ ተጭኖ ሄደና መተማ ገበያ የሚነግድ ሻምበል የሚባል ወንድሟ ማረፉን አረዳት። በቀለች እብነ በረዱ ላይ ተፈጠፈጠች። የቤቱ እመቤት ሲት ዘምዘም ማን እንደ ሞተ እንኳ ሳይጠይቁ አብረው አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ፤ የደወለው ሻምበል ነበር። የሞተው በዚያው ገበያ የሚነግድ ሌላ ሻምበል ነው። የበቀለች ወንድም ነገሩ ሲነገረው አልተቆጣም፤ ለቅሶው ላይ ማን ማን እንደ ተገኘና ማን እንደ ቀረ ብቻ በስም ጠየቀ። ከቀሩት ጋር እስከ ዛሬ አይነጋገርም።

ማኅበሩ በኀፍረት ተሰበሰበ። ይህን ጊዜ ነው አቶ ባዬ የተነሡት።

አቶ ባዬ ካርቱም ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ዐማራት ካሉት ባለ ቁጥር መንገዶች በአንዱ ላይ፣ የአንድ የፈረንጅ መሥሪያ ቤት መጋዘን ጠባቂ ናቸው። ከፈረንጆቹ ደመወዝና አንድ ቃል አግኝተዋል፤ ከሁለቱ የሚኮሩት በቃሉ ነው።

«የተከበራችሁ አባላት» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይህን ችግር የሚፈታ ቃል በአማርኛ ፈለግሁ፤ አጣሁ። በዐረቢ ፈለግሁ፤ ማፊ። በእንግሊዝኛ ግን አለ። ቃሉ ቼክ ይባላል። ቼክ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው መግታት ነው። ፈረስ በልጓም እንደሚገታ ሁሉ ምላስ በቼክ ይገታል። ሁለተኛው ማጣራት ነው። ዱቄት ሲመጣ እኔ በር ላይ እቆማለሁ፤ ሳላይ አይገባም፤ ሳላይ አይወጣም። ነጮቹ ጨረቃ ላይ የወጡት በሌላ አይምሰላችሁ። ገትተው፣ አጣርተው ነው።»

ከእንግዲህ ሰው በዘፈቀደ እንደማይሞት ሁሉም ተሰማው።

ሙላቷ እጇን አወጣች። ሙላቷ እዚያው ዐማራት ትንሽ ምግብ ቤት ያላት፣ ስብሰባውም የሚደረገው በእሷ ቤት ስለሆነ መናገር የማትፈራ ሴት ናት። «ከተጣራ በኋላስ ጋሽ ባዬ?»

«ምኑ ከተጣራ በኋላ?»

«ወሬው እውነት ሆኖ ከተገኘ በኋላ። ማን ነው ለሰውዬው የሚነግረው?»

አቶ ባዬ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «እሱ ሌላ ቃል ነው» አሉ። «በአንድ ስብሰባ ሁለት ቃል አይጠናም። በሚቀጥለው እናየዋለን፣ ኢንሻላህ።»

ጭብጨባው ሌላ ጥያቄ አላስተናገደም። ወዲያው ሁለት ንዑስ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። የመግታቱን ሙላቷ፣ የማጣራቱን ደግሞ ነቢዩ እንዲይዝ ተደረገ። ነቢዩ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር በየጋራዡ የቀን ሥራ የሚሠራ ወጣት ነው። ወደ ሌላ አገር ለመሻገር መጥቶ፣ መሻገሩ ሲዘገይ ማኅበር ገባ። መመሪያውም ጸደቀ። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሦስት ምስክሮች ካልተገኙ ሞት ሞት ተብሎ አይጠራም፤ ከሦስቱ አንዱ ቀብሩን በዓይኑ ያየ መሆን አለበት፤ ከኮሚቴው ፈቃድ ውጭ ትንፍሽ ያለ ከማኅበሩ ይሰናበታል። አቶ ባዬ በመጨረሻ የጨመሩት አንቀጽ ደግሞ የኮሚቴው ዘውድ ሆኖ ኖሯል።

«ስም ሆድ ያባባል» አሉ። «ዳኛ ፊት አይቶ መፍረድ የለበትም። ለእኔ ጉዳዩን ብቻ ያለ ስም አምጡልኝ።»

ውጤቱ ዓይን የሚሞላ ነበር። ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ አንድም የተሳሳተ መርዶ አልተነገረም። እርግጥ ነው፣ ትክክለኛም አልተነገረም፤ ግን በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚነበበው የመጀመሪያው ነው። አንድ ሁለት ሰዎች ከአገር ቤት ከመጣ መንገደኛ የዘመዳቸውን ሞት ድንገት ሰምተው መንገድ ላይ ወድቀዋል። ይህ ከኮሚቴው አሠራር ውጭ የደረሰ አደጋ ስለሆነ በሪፖርት አልተካተተም።

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት ነቢዩ ከሥራ ልብሱ ሳይወጣ ወደ ሙላቷ ቤት መጣ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ጋሽ ባዬ፣ አንድ ጉዳይ ደርሶናል።»

«ስም እንዳትጠራ።»

«አልጠራም። አንዲት እናት ናቸው። ዐርፈዋል ተብሏል።»

«ከየት በኩል?»

ነቢዩ ሙላቷን አየ፤ ሙላቷ ወለሉን አየች። «ከጭልጋ በኩል።»

«የእኔ አገር ሰው ናቸዋ» አሉ አቶ ባዬ። ትንሽ አዘኑ፤ ቶሎም ራሳቸውን ገሠጹ፤ ዳኛ አያዝንም። «ነፍስ ይማር። ማለቴ ከተጣራ በኋላ። ልጃቸው እዚህ ነው?»

«እዚሁ ነው።»

«ይገታ።»

ተገታ። ሙላቷ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። አቶ ባዬ የተሰጣቸውን ሽሮ በእርጋታ በሉ፤ ከወትሮው ይልቅ ተትረፍርፎ ነበር የቀረበላቸው።

አቶ ባዬም ጭልጋ እናት አላቸው። ባሏ ጥሏት ሲሄድ ሰው ቤት እየፈጨች ያሳደገቻቸው እናት ናት፤ ልጇን በዓይኗ ካየች ዓመታት አልፈዋል። አንድ ጊዜ በስልክ «እነዚያ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ቶብ የሚሉትን ልብስ አምጣልኝ፤ ለብሼው ቤተ ክርስቲያን ልሳምበት» ብላቸው ነበር። በየፋሲካው «ዘንድሮ እመጣለሁ» ይላሉ፤ በየፋሲካው አንድ ነገር ይይዛቸዋል፤ አንዴ ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ይቃጠላል፣ አንዴ መጋዘኑ ይቆጠራል። ዘንድሮ ግን ቆርጠዋል። ቶቡንም ገዝተዋል፤ ሰማያዊ ነው፣ ዳር ዳሩን ነጭ ዘለላ የወረደበት። ማታ ማታ ከሻንጣ አውጥተው ይዳስሱትና መልሰው ያጥፉታል።

ከአንባቢ መካከል አንዳንድ ችኩል ሰው ከወዲሁ አንድ ነገር የጠረጠረ እንደሆነ፣ ያልተጣራ ነገር ከአፉ እንዳያወጣ በአክብሮት እናሳስባለን።

የኮሚቴው ሥራ ቀጠለ። ነቢዩ ከቀን ሥራው ሲመለስ እየደወለ ጠየቀና አስመሰከረ። የሟቿ ቤተሰብም እስኪፈቀድ ድረስ ለልጅየው ምንም እንዳይሉ በኮሚቴው ስም ታዘዙ፤ እነሱም ደግ ሥራ መስሏቸው እሺ አሉ። በዚያው ሰሞን አቶ ባዬ እህታቸው ጋ ሲደውሉ እናታቸው ከስልኩ መራቅ ጀመረች።

«እማን አቅርቢልኝ።»

«ጠበል ሄዳለች።»

«ባለፈውም ጠበል ነው ያልሽኝ።»

«አልተመለሰችም» ትላለች እህታቸው፤ መስመሩም ወዲያው ይቆረጣል።

አቶ ባዬ በዚህ ኮሩ። ሙላቷ ቤት ለሚመገበው ሁሉ «እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ሱባኤ ገብታለች» እያሉ ያወሩ ጀመር። ሰዉ «ይቀበላት» ይልና ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ሰው ለመንፈሳዊ ነገር ያለው ፍላጎት እየቀነሰ መሄዱን አቶ ባዬ በሐዘን ታዘቡ።

ሌላም ነገር ታዘቡ፤ ይህኛው ግን ደስ የሚል ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ አከበራቸው። ሲገቡ ወጣቶቹ ብድግ ይላሉ። በስብሰባ የሚቃወማቸው ጠፋ። ሁልጊዜ የሚጨቃጨቃቸው አንድ ሰው ሳይቀር ትከሻቸውን ዳበስ አድርጎ «አይዞዎት ጋሽ ባዬ» አላቸው። «ሥልጣን ሸክም መሆኑ ገባው» ብለው ለሚስታቸው ለየኔነሽ ነገሯት። የኔነሽ ጥቁር ነጠላዋን አጠበቀች።

«ይህ ጥቁር ነገር ግን ምንድን ነው? ከጥምቀት ጀምሮ አላወለቅሽውም።»

«ለጾሙ ነው።»

«ጾሙ መቼ ገባና?»

«ይገባል» አለች የኔነሽ።

ጾሙ ገባ። ነቢዩም ወደ ኮሚቴው ተመልሶ ሪፖርቱን አቀረበ። ሦስት ምስክሮች ተገኝተዋል፤ አንዱ በቀብሩ ላይ የፈቱት ቄስ ናቸው፤ ነገሩ እውነት ነው።

«ጥሩ ሥራ» አሉ አቶ ባዬ። «ቼክ ማለት ይህ ነው።»

«እንግዲያው ይነገረው ጋሽ ባዬ። አርባቸው እየደረሰ ነው። ልጁ አሁን ቢሰማ ወላሂ ለተዝካሩ ይደርስ ነበር።»

«ቀስ በል። ልጁ አሁን ምን እያደረገ ነው?»

«ለፋሲካ ሊጠይቃቸው እየተሰናዳ ነው። ስጦታም ገዝቶላቸዋል።»

አቶ ባዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዝነዋል፤ ግን ሐዘናቸው ውስጥ ትንሽ ንቀት ገባበት። «ምስኪን ነው። ግን ምን ዓይነት ልጅ ነው? እናት ሞታ ሆድ አይነግርም? እኔ ብሆን በዚያችው ሌሊት ነበር የምባንነው። አንዳንዱ ሰው ሆዱ የድንጋይ ነው።»

ሙላቷ የያዘችው ትሪ ከእጇ አመለጠ፤ አላነሣችውም።

«ጋሽዬ» አለች፣ «ይህን ቃል እንተወው። ሰው ነው እኮ። እኔ ልንገረው፤ በእናትዎ፤ እኔው ልንገረው።»

«አንቺ የመግታት ኃላፊ ሆነሽ?» አሉ አቶ ባዬ። «በሁዳዴ ጾም ሰው ጮኾ ጾሙን ይሻር? ደግሞም ለመንገድ የተሰናዳ ሰው ልቡ ደስ ብሎታል፤ ደስታውን ለምን እንነጥቀዋለን? ይገታ። ከፋሲካ በኋላ ይታያል።»

ነቢዩ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሥራ ላይ የዋለው የቃሉ የመጀመሪያው ትርጉም፣ መግታት፣ ነበር።

በሰሙነ ሕማማት መግቢያ አቶ ባዬ የአውቶቡስ ቲኬት ሊቆርጡ ወጡ። ቶቡን በከረጢት አድርገው ይዘውታል፤ ሻንጣ ውስጥ ሲተዉት ልባቸው አይረጋም። መንገዱ ጥግ ላይ ሁዘይፋ ረክሻውን አቆመላቸው። ሁዘይፋ የሙላቷን አስቤዛ የሚያመላልስ ሱዳናዊ ነው። አባቱን ሊያሳክም ወደ ትውልድ መንደሩ ሄዶ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ የተመለሰው ትናንት ነው። የማኅበሩ አባል አይደለም፤ በስብሰባም ተቀምጦ አያውቅም፤ የእንግሊዝኛውን ቃል የገለጸለት ሰው የለም።

ከረክሻው ወረደ። አቶ ባዬ ፊት ቆመና ለሙታን እንደሚጸለየው ሁለት መዳፎቹን ወደ ላይ ዘረጋ።

«አልፋትሐ» አለ።

አቶ ባዬ ሠላሳ ዓመት የካርቱምን ለቅሶ ሲደርሱ የኖሩ ሰው ናቸውና እጃቸው ሳያዙት ተዘረጋ። ከረጢቱ ክንዳቸው ላይ ተንጠለጠለ። በሆዳቸው «አዬ፣ አባቱ ሞቱበት» አሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ በመዳፋቸው ፊታቸውን አበሱና «አልበረካ ፊኩም፣ ያ ሁዘይፋ» ብለው አጽናኑት፤ «አባትህ መቼ ዐረፉ?»

«አባቴ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለ ሁዘይፋ ግራ ገብቶት። «እኔ የመጣሁት ለአንተ ነው። ለእናትህ። ሰዎች ትናንት ነገሩኝ። ዘግይቻለሁ፣ ሳምሕኒ፣ ይቅር በለኝ፤ መንደሬ ነበርኩ። ጠዋት ቤትህ ሄድኩ፤ ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም። ቢካውን፣ ለቅሶውን፣ የት አደረጋችሁት?»

አቶ ባዬ ረክሻው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሁዘይፋ ሳይነገረው ወደ ሙላቷ ቤት ነዳ፤ በመንገድ ላይ አንዴ ዞር ብሎ አያቸውና እንደገና ወደ ፊት ብቻ አየ።

ሙላቷ ቤት ነቢዩና ሁለት ሦስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። የኔነሽም አለች። አቶ ባዬ ከበሩ ሲገቡ ሁሉም ብድግ አሉ። አቶ ባዬ ይህን አክብሮት ወድደውት ኖረዋል፤ አሁን ግን ተቀመጡ ማለት አቃታቸው። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ይህ ሁዘይፋ» አሉ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ፣ «ሱዳናዊ ነው። አሠራር አያውቅም። የሰማውን ይናገራል። ተሳስቶ ነው፤ አይደል ነቢዩ? ሻምበልም እኮ ሞተ ተብሎ ነበር። ስንቱ አለቀሰ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰ፤ በኋላ ራሱ ደወለ። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ነው። ንገረኝ እንጂ። ቼክ አድርጋችኋል?»

ነቢዩ በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ሰነፍ ሠራተኛ በሆንኩ ብሎ ተመኝቶ አያውቅም።

«አድርገናል ጋሽ ባዬ።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም። አንዱ የፈቱት ቄስ ናቸው። ጥሩ ሥራ ብለውኝ ነበር።»

አቶ ባዬ ተቀመጡ። የቀረቻቸው አንዲት ተስፋ ስሕተት ነበረች፤ እሷንም በገዛ መመሪያቸው ከማኅበሩ አጥፍተዋታል። ሻምበልን ከሞት ያስነሣው ዓይነት ግርግር አሁን በካርቱም ከተማ የለም። ሆዱ የድንጋይ ነው የተባለውም ልጅ ማን እንደ ሆነ በዚህን ጊዜ ገባቸው።

«አርባዋ?»

«አልፏል» አለች የኔነሽ። «ቤተሰቡ አውጥቷል። እህትህ ‹ባዬ የት ቀረ› የሚላትን ሁሉ መንገድ ላይ ነው ስትል ዋለች።»

«እሺ ይጣራ አልኩ። እሺ ይገታ አልኩ።» አቶ ባዬ ሊቀመንበር መሆናቸውን ረስተው እንደ ልጅ ፊታቸውን እያዟዟሩ አንድ በአንድ አዩአቸው። «ከተጣራ በኋላ ግን ለምን? እንዴት ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ የሚነግረኝ ይጥፋ?»

ሁዘይፋ አማርኛው ባይገባውም በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ያን ጊዜ አንገቱን ደፋ።

«ጠይቄዎት ነበር እኮ ጋሽዬ» አለች ሙላቷ በቀስታ። «‹እሱ ሌላ ቃል ነው› አሉን። በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን አሉን። ቃሉን ስንጠብቅ ነው።»

አቶ ባዬ ከረጢቱን ፈትተው ሰማያዊውን ቶብ አወጡና ፊታቸውን ቀበሩበት። ከጥምቀት ጀምሮ በመመሪያ ተገትቶ የነበረው ለቅሶ ያን ጊዜ ከመላው ቤት በአንድነት ወጣ፤ ሁዘይፋ ያን ዕለት ሥራውን ትቶ ከጎረቤት ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። ለቅሶውን መጀመሪያ ማን እንደ ጀመረው ግን እስከ ዛሬ አልተጣራም።